ምልክትና ምስክር
(በላስታ ደጋ የበሽታ ፍርሃትና የደም ምርመራ ታሪክ)

ሰው ከሕመሙ ይልቅ የሕመሙን ስም የሚፈራበት ጊዜ ብዙ ነው። ሕመም የሚነካው የአንዱን ሰው ሥጋ ነው፤ ስሙ ግን ትዳርን፣ ጉርብትናን፣ የልጆችንም ዕድል ሳይቀር ይነካል። ስለዚህ ሕዝባችን ከጥንት ጀምሮ አስፈሪውን በሽታ በስሙ ከመጥራት ይልቅ «ያ ክፉ ነገር» ብሎ ማለፍን ይመርጥ ነበር። ይኸው ሕዝብ ግን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲል ተርቷል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ ይኸውም በመሸሸግና በመግለጥ መካከል፣ አንድ ጥያቄ ቆሞ ይገኛል። በሽታ በሰው ላይ መኖሩን ወይም አለመኖሩን የሚመሰክረው ማን ነው? ዐይን ነውን? ወሬ ነውን? ወይስ ከሁለቱ የተሻለ ምስክር አለ? ይህን ጥያቄ በላሊበላና በላስታ ደጋ በኩል ከጥንቱ ዘመን አንሥተን፣ ኤች አይ ቪ እስከሚባለው የዘመናችን መከራ ድረስ እንከተለዋለን።

ላስታ የተራራ አገር ነው። የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከባሕር ወለል ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ይታያል፤ ጥንት ሮሐ ትባል የነበረችው የላሊበላ ከተማም በ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ከዐለት የተፈለፈሉት ዐሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ለልደት በዓል ከየአገሩ የሚመጣው ምእመን የብዙ ቀን መንገድ በእግሩ ተጕዞ፣ በዐለቱ ዙሪያ አድሮ፣ በረከት ተቀብሎ ይመለሳል። ይህ አገር ግን የቅድስና አገር እንደ ሆነ ሁሉ የችግርም አገር ሆኖ ኖሯል። ብርዱ ጽኑ፣ መንገዱ ገደል፣ መሬቱ የተራቈተ በመሆኑ፣ ረኃብና ወረርሽኝ ተከታትለው ሲጐበኙት ኖረዋል። በቅማል የሚተላለፉት ተስቦና ግርሻ የደጋ ሰው በብርድ ምክንያት በአንድ ቤት ተጠጋግቶ በሚያድርበት ጊዜ ይዛመቱ ነበር፤ ፈንጣጣም እንዲሁ።

እነዚህ የቀድሞ በሽታዎች አንድ ጠባይ ነበራቸው፤ በዐይን ይታዩ ነበር። ፈንጣጣ ያገኘው ሰው ቢተርፍ እንኳ ጠባሳውን በፊቱ ይዞ ይኖራል። ተስቦ የያዘው በትኩሳት ይቃጠላል። ቁምጥና የያዘው ጣቱን ያጣል። ከዚህም የተነሣ የሕዝቡ ሐሳብ «የታመመ ይታወቃል» በሚል መሠረት ላይ ቆመ። ዐይን ዳኛ፣ መልክም ምስክር ሆነ።

ይሁን እንጂ ዐይን ሊሳሳት እንደሚችል የጥንቶቹ ሊቃውንት ሳይረዱት አልቀሩም። የላስታ ካህናት በሚገባ የሚያውቁት ኦሪት ዘሌዋውያን በዐሥራ ሦስተኛው ምዕራፉ ስለ ለምጽ ያወጣውን ሥርዓት እንመልከት። በቆዳው ላይ የሚያጠራጥር ምልክት የታየበት ሰው በጐረቤቱ ወሬ አይፈረድበትም፤ ወደ ካህኑ ይቀርባል። ካህኑም ምልክቱ ግልጽ ያልሆነ እንደ ሆነ ወዲያው ፍርድ አይሰጥም፤ ሰባት ቀን ለይቶ ያቈየዋል፤ እንደ ገና ያየዋል፤ አሁንም ካጠራጠረው ሌላ ሰባት ቀን ይጨምራል። ምልክቱ ያልሰፋ ከሆነ ንጹሕ ነህ ብሎ ወደ ሕዝቡ ይመልሰዋል። በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሦስት ታላላቅ ቁም ነገሮች አሉ። አንደኛው፣ ጥርጣሬ ፍርድ አለመሆኑ ነው። ሁለተኛው፣ እውነት ለመገለጥ ጊዜ የሚያስፈልጋት መሆኑ ነው። ሦስተኛው ደግሞ፣ የተጠረጠረው ሰው «ንጹሕ ነህ» የሚለውን ቃል የመስማት መብት ያለው መሆኑ ነው።

ዳሩ ግን ሕዝቡ በኑሮው ይህን ጥንቃቄ ሁልጊዜ አልጠበቀም። ፍርሃት ከመጽሐፉ ሥርዓት ይልቅ ፈጣን ነውና፣ በቆዳ በሽታ የተጐዳውም፣ ቊስል የቈየበትም፣ በእውነት ሥጋ ደዌ የያዘውም በአንድ ስም ሲሸሹ ኖረዋል። ፍርሃቱም በታመመው ብቻ አልቆመም፤ ምንም ምልክት ወደ ሌለበት ጤነኛ ሰው ተሻገረ። ለዚህ ጥሩ ማስረጃ የሚሆኑት ስማቸው ከከተማዪቱና ከንጉሡ ስም ጋር የሚገጥመው «ላሊበላ» የሚባሉት፣ በአንዳንድ አገርም «ሐሚና» የሚባሉት አዝማሪዎች ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከሌሊቱ መጨረሻ ተነሥተው በየደጃፉ ቆመው ያዜማሉ፤ የቤቱ ባለቤት ምጽዋት ሲሰጣቸው መርቀውት ይሄዳሉ። ያጠኗቸው ሊቃውንት እንደ ጻፉት፣ ማዜሙን የተዉ እንደ ሆነ ሥጋ ደዌ ይይዘናል የሚል እምነት ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድባቸው ኖሯል። እንግዲህ አስተውሉ፤ በሽታው ያልያዘው ጤነኛ ሰው፣ ይይዘኛል በሚል ፍርሃት ብቻ ሌሊት ለሌሊት በየሰው ደጅ ሲቆም ይኖራል። በሽታው ሳይወረስ ፍርሃቱ ተወረሰ።

የኖርዌዩ ሐኪም አርማወር ሐንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 ሥጋ ደዌ ከረቂቅ ተሕዋስያን የሚመጣ እንጂ የዘር ርግማን አለመሆኑን አመለከተ። ከብዙ ዓመታትም በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ዓለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ማሠልጠኛና ሕክምና ማዕከል በአዲስ አበባ ተቋቋመ። መድኃኒት ከተገኘ ወዲህ በሽታው በጊዜ የታወቀለት ሰው ጣቱን ሳያጣ የሚድንበት ዘመን መጣ። እውቀት ፍርሃትን ቀስ በቀስ የሚያሸንፈው በዚህ ዐይነት ነው።

ከሥጋ ደዌ ይልቅ ወደ ዘመናችን በሽታ የሚያቀርበን ግን ቂጥኝ ነው። ቂጥኝ መጀመሪያ ቊስል አውጥቶ ይታያል፤ ኋላም ቊስሉ ያለ መድኃኒት ይጠፋል። በሽተኛውም ዳንኩ ብሎ ደስ ይለዋል። በሽታው ግን በውስጡ ተደብቆ ከብዙ ዓመት በኋላ ልብንና አንጐልን ሊያጠቃ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1906 ጀርመናዊው ሊቅ አውጉስት ቮን ዋሰርማን ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ፣ ሰውነት የሸሸገውን ቂጥኝ ከደም ላይ የሚያሳውቅ ምርመራ ሠራ። ከዚህ ጊዜ ጀምሮ ሕክምና አንድ አዲስ ትምህርት አገኘ። ይኸውም የሰውነት ዝምታ ጤና አለመሆኑ፣ ደም ግን ዐይን ያላየውን ሊመሰክር መቻሉ ነው።

ወደ ኤች አይ ቪ ታሪክ ስንመጣ፣ በሽታው በሕክምና ጽሑፍ መጀመሪያ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ1981 በአሜሪካ ነው። በ1983 በፓሪስ የፓስተር ተቋም እነ ፍራንስዋዝ ባሬ ሲኑሲና ሉክ ሞንታኜ ቫይረሱን ለዩ፤ ስለዚህም ሥራቸው በ2008 የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ። የደም ምርመራው በ1985 በሥራ ላይ ዋለ። ወደ አገራችን የገባበትን ዘመን ስንመረምር፣ እ.ኤ.አ. በ1984 ከተሰበሰበ ደም ውስጥ ቫይረሱ መገኘቱ ታውቋል፤ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማንም በ1986 ተመዘገቡ።

ይህ ዘመን ለላስታ ምን ዐይነት ዘመን እንደ ነበረ ማስታወስ ያስፈልጋል። ወሎ በ1966 ዓ.ም. የደረሰበትን ረኃብ ሳይረሳ፣ የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ደግሞ ከዚያ በባሰ ሁኔታ ወደቀበት። ከላስታ ደጋ የወረደው ገበሬ በየመጠለያው ተኝቶ ሲያልቅ ዓለም ሁሉ አይቷል። ጦርነቱም አልቆመም ነበር። ሥጋው ያለቀ፣ ተቅማጥ ያደከመው፣ ሳንባ ነቀርሳ የሚያስለው ሰው በየመንደሩ ይታይ ነበር። እንግዲህ ከጥቂት ዓመታት በኋላ «ሰውን የሚያመነምን አዲስ በሽታ መጣ» ሲባልና በየግድግዳው የከሳ ሰው ሥዕል ሲለጠፍ፣ የረኃብን መልክ በሚገባ በሚያውቅ አገር ላይ መክሳት ሁለተኛ ትርጕም ወጣለት። ትናንት የከሳ ሰው «ተርቧል» ተብሎ ይታዘንለት ነበር፤ ዛሬ ግን «ያ በሽታ ይዞታል» ተብሎ ይሸሽ ጀመር። ሥዕሉ የተሳለው ሰውን ለማስጠንቀቅ ነበር፤ ዳሩ ግን ሁለት ስሕተት አስተማረ። የከሳ ሁሉ በሽተኛ ነው፣ ያልከሳ ሁሉ ጤነኛ ነው የሚል።

የበሽታውን ጠባይ ስንመለከት ሁለቱም ሐሳብ ሐሰት መሆኑ ይገለጣል። ቫይረሱ ወደ ሰውነት ከገባ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ ብዙ ሰዎችን ትኩሳት፣ የጉሮሮ ሕመም፣ የቆዳ ሽፍታ፣ የንፍፊት እብጠትና ድካም ይሰማቸዋል፤ ምንም የማይሰማቸውም አሉ። ይህ ሕመም በጥቂት ቀናት ወይም ሳምንታት ውስጥ ራሱ ይለቃል። ከዚያም ቫይረሱ ያለ ሕክምና ሲቀር የሰውነትን መከላከያ ኀይል እያዳከመ፣ ብዙ ጊዜ ስምንትና ዐሥር ዓመት ያህል ያለ ግልጽ ምልክት ይቈያል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሰውየው ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ያገባል፤ ፊቱም እንደ ማንኛውም ሰው ፊት ነው።

በሌላው ወገን ደግሞ፣ እነዚያ የመጀመሪያዎቹ ምልክቶች ለዚህ በሽታ ብቻ የተለዩ አይደሉም። በላስታ ደጋ ትኩሳትና የራስ ምታት የያዘው ሰው ጉንፋን፣ ተስቦ ወይም ታይፎይድ ይዞት ይሆናል፤ ወደ ቆላ ወርዶ የተመለሰም እንደ ሆነ ወባ ይሆናል። በከንፈሩ ዙሪያ ቊስል የወጣበትን እናቶች «ምች መታው» ብለው ዳማከሴ ያሸቱለታል። አልማዝ ባለ ጭራ የሚባለው፣ በአንድ ወገን እንደ ቃጠሎ የሚያቈስለው በሽታ፣ በኤች አይ ቪ በተያዙ ሰዎች ላይ በብዛት መታየቱ እውነት ነው፤ ስለዚህም በአንድ ዘመን ስሙ ብቻ ሰውን ያስደነግጥ ነበር። ነገር ግን ይኸው በሽታ ልጅ ሳሉ ጉድፍ ይዟቸው በነበሩ ሰዎች ላይ፣ ይልቁንም በእርጅና ጊዜ፣ ያለ ኤች አይ ቪም ይወጣል። እንግዲህ ምልክት ሐኪምን «መርምር» የሚል ጥቈማ ነው እንጂ፣ በሰው ላይ የሚፈርድ ምስክር አይደለም።

ከዚህም በላይ ፍርሃት ራሱ ምልክት ይወልዳል። አንድ ሰው ያለፈ ሥራውን አስቦ ልቡ በጥርጣሬ ሲያዝ፣ እንቅልፍ ያጣል፤ እንቅልፍ ሲያጣ የምግብ ፍላጐቱ ይቀንሳል፤ ምግብ ሲተው ይከሳል፤ መክሳቱን አይቶ ደግሞ ጥርጣሬው ይጸናል። ምላሱን በመስተዋት ያያል፤ ብብቱንና አንገቱን በጣቱ እየዳሰሰ እብጠት ይፈልጋል፤ ሌሊት ቢያልበው የሞት መልእክት ይመስለዋል። እንዲህ ያለው ሰው በሽታው ሳይኖርበት የበሽታውን መከራ ሁሉ ይቀበላል። ይህን ሰው ከጭንቀቱ የሚያወጣው የጓደኛ ማጽናናት ብቻ አይደለም፤ «የለብህም» የሚለውን እውነተኛ ቃል መስማት ነው። ቫይረሱ ያለበትም ሰው እንደ ሆነ፣ ከማያልቅ ጥርጣሬ ይልቅ የታወቀ እውነት ለሕይወቱ ይበጀዋል።

ታዲያ ሰዎች ለምን ብዙ ዘመን ከምርመራ ሸሹ? ፍርሃታቸው ያለ ምክንያት አልነበረም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ምርመራው ነበር፤ መድኃኒቱ ግን አልነበረም። አለብህ ብሎ መንገር ብቻ፣ የሚረዳ ነገር ሳይሰጡ ሰውን በሐዘንና በኀፍረት ውስጥ ጥሎ መሄድ ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠት ሞትን በእጅጉ እንደሚቀንስ በተረጋገጠ ጊዜም፣ ዋጋው ለድኻ አገር የማይቀመስ ነበር።

መንግሥት በ1990 ዓ.ም. የኤች አይ ቪ ኤድስ ፖሊሲ አወጣ፤ በአዋጅ ቁጥር 276/1994ም ብሔራዊ የመከላከያና የመቈጣጠሪያ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ። በዚያው ዘመን ቫይረሱ ያለባቸው ሰዎች ተሰብስበው ማኅበር አቋቁመው በአደባባይ ቆሙ። «እነሆ እኛ አለን፤ ሰዎች ነን» ማለታቸው ቀላል ነገር አልነበረም፤ በዚያ ፍርሃት ላይ የተጣለው የመጀመሪያው ድንጋይ የእነርሱ ድፍረት ነው። በ1995 ዓ.ም. ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በክፍያ መሰጠት ጀመረ፤ በ1997 ዓ.ም. ደግሞ በነጻ ሆነ። ከዚህ ቀን ጀምሮ የምርመራው ትርጕም ተለወጠ። ቀድሞ የፍርድ ቃል የነበረው፣ አሁን የሕክምና በር ሆነ። በ1999 ዓ.ም. የተጀመረው የሚሌኒየም የኤድስ ዘመቻም ሕዝቡን በብዛት ወደ ምርመራ ጠራ። ለሥጋ ደዌ ሕሙማን የተቋቋመው ዓለርትም ለኤች አይ ቪ ሕክምና ከሚሰጡት ሆስፒታሎች አንዱ መሆኑ፣ የሁለቱ ፍርሃቶች ታሪክ በአንድ ግቢ መገናኘቱን ያሳያል።

እንደ ላስታ ላለ አገር ግን ሌላ ጥያቄ ነበር፤ ጠበልና መድኃኒት እንዴት ይስማማሉ የሚል። በእምነቱ የጸና ሰው መድኃኒቱን ቢወስድ እምነቱን የካደ እየመሰለው የሚተውበት ጊዜ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት እንደማይቃረኑ፣ ምእመናንም ጠበሉን ሲወስዱ መድኃኒታቸውን እንዳያቋርጡ በይፋ አስታወቁ። ብዙ የንስሐ አባቶችም ተጋቢዎች ከጋብቻ በፊት ተመርምረው እንዲመጡ ይመክሩ ጀመር። ኦሪት «ወደ ካህኑ ይቅረብ» ብሎ ነበር፤ በዘመናችን ካህኑ ራሱ «ወደ ሐኪም ሂድ» ማለቱ ያንኑ የጥንት ጥበብ መቀጠል ነው።

ምርመራው ራሱ ቀላል ነው። ከጣት ጫፍ አንዲት ጠብታ ደም ይወሰዳል፤ ውጤቱም ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ይታወቃል። ምርመራው የሚፈልገው ሰውነት ቫይረሱን ለመዋጋት ያዘጋጀውን ተከላካይ ነገር ነው፤ ይህም ለመዘጋጀት ጊዜ ይወስዳል። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ በሽታውን ለይቶ የሚያሳየው ከተጋለጡበት ቀን ከ23 እስከ 90 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ስለዚህ በማግሥቱ ተመርምሮ «የለብኝም» ብሎ መጽናናት እንደማይገባ ሁሉ፣ ሦስት ወር ካለፈ በኋላ በተደረገ ምርመራ ነጻ የወጣ ሰውም፣ በመካከሉ ሌላ አጋጣሚ ከሌለ፣ ምልክት እየቈጠረ መጨነቅ አይገባውም። ኦሪት ሰባት ቀን ቈይቶ እንደ ገና ማየትን እንዳዘዘች፣ ይህም የራሱ ቀጠሮ አለው። «አለ» የሚል ውጤት ሲገኝ ደግሞ በአንድ ምርመራ ብቻ አይወሰንም፤ በሌላ ዐይነት መመርመሪያ ተደግሞ ይረጋገጣል። የተጋለጠ ሰው በ72 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ተቋም ቢደርስ፣ በሽታው እንዳይዘው የሚረዳ መድኃኒት የሚያገኝበት መንገድ አለ።

እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የዓለም ጤና ድርጅት ቫይረሱ የተገኘበት ሰው ሁሉ፣ ሕመም ቢሰማውም ባይሰማውም፣ ሳይዘገይ ሕክምና እንዲጀምር ይመክራል፤ ኢትዮጵያም ይህንኑ ተቀብላለች። መድኃኒቱን በሥርዓት የሚወስድ ሰው ዕድሜው ይረዝማል። በደሙ ያለው ቫይረስ በምርመራ እስከማይታይ ድረስ ቀንሶ ከዘለቀም በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላ አያስተላልፍም። ያለ ሕክምና ከመቶ ከ15 እስከ 45 የሚሆኑት ሕፃናት ከእናታቸው ቫይረሱን ይወስዱ ነበር፤ እናቲቱ ተመርምራ ከታከመች ግን ቊጥሩ ከ5 በታች ሊወርድ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው እ.ኤ.አ. በ2017 እና በ2018 በኢትዮጵያ ከተሞች የተደረገው ጥናት ያሳየው ነገር ነው። ቫይረሱ በደማቸው ከተገኘባቸው ጐልማሶች መካከል ቫይረሱ እንዳለባቸው ያወቁት ከመቶ 79 ነበሩ። ካወቁት ውስጥ ግን ከመቶ 97 የሚሆኑት መድኃኒት ይወስዱ ነበር፤ መድኃኒት ከሚወስዱትም ከመቶ 88 ያህሉ ላይ ቫይረሱ በሚገባ ተሸንፎ ተገኘ። እንግዲህ ሰፊው ገደል ያለው በማወቅና ባለማወቅ መካከል ነው። ያወቀ ሰው ከሞላ ጐደል ሁሉ ወደ መድኃኒቱ ሄዷል፤ የቀረው ያላወቀው ነው።

የላስታ የቅርብ ዘመን መከራም ይህንኑ ያስተምራል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ላሊበላ ደርሶ ከተማዪቱ በትግራይ ኀይሎች እጅ ገባች፤ እስከ 2014 ዓ.ም. ታኅሣሥም ከአንዱ ወደ ሌላው እጅ ስትተላለፍ ቈየች። በዚህ ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ በየቀኑ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎችም መድኃኒታቸው ተቋረጠባቸው። መድኃኒቱ ሲቋረጥ ቫይረሱ እንደ ገና ይነሣል። ቢሆንም ራሱን ያወቀ ሰው የሚፈልገውን ያውቃል፤ ሰላም ሲመለስ ወዴት እንደሚሄድ ያውቃል። ያላወቀው ግን ጦርነትም ባይኖር መንገዱ የጠፋበት ነው።

ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምናገኘው ፍሬ ነገር ይህ ነው። ፈንጣጣ በፊት ላይ ይጻፍ ነበር፤ ኤች አይ ቪ ግን በፊት ላይ አይጻፍም። ስለዚህ አባቶቻችን በዐይን ይፈርዱበት የነበረው ሥርዓት ለዚህ በሽታ አይሠራም። ሹማምንት ምርመራው በገደልና በተራራ ማዶ ላለው ገበሬ እንዲቀርብና ምስጢሩም እንዲጠበቅ የማድረግ ዕዳ አለባቸው፤ ምስጢር በማይጠበቅበት ቤት ማንም እውነቱን አይጠይቅምና። መምህራን ደግሞ የበሽታውን ምልክት ብቻ ቈጥረው ትምህርቱን እንዳይዘጉ፣ ምልክት ምስክር አለመሆኑንም ጨምረው እንዲያስተምሩ ይገባል። ተማሪዎችም በጥርጣሬ ሌሊቱን ሙሉ ራሳቸውን ከመዳሰስ፣ ጓደኛቸውንም በመክሳቱ ከማማት፣ አንዲት ጠብታ ደም ሰጥቶ እውነቱን ማወቅ እንደሚሻል ይወቁ። ምርመራ ለጤነኛው ዕረፍት፣ ለታመመው መድኃኒት፣ ለሐሜተኛውም ዝምታ ነው።